ለእድር አዳራሽ የድንጋይ ግንብ፦ በጭቃ ወይስ በሲሚንቶ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። 140 አባወራ ነን። ለሐዘን ጊዜ ድንኳን መትከልና መንቀል ስለከበደን 8 በ16 ሜትር የሆነ አዳራሽ በጥቁር ድንጋይ፣ በራሳችን ጉልበት ልንገነባ ተስማምተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደቦ እንወጣለን። ከአባሎቻችን መካከል አንድ አረጋዊ ግንበኛ አሉ። ‹በድንጋይና በጭቃ አቆመዋለሁ› ይላሉ። ወጣቶቹ ‹ያለ ሲሚንቶ አይታሰብም› ይላሉ፤ የሲሚንቶው ዋጋ ግን ከእድሩ አቅም በላይ ሆነብን። መሬቱ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ዋልካ ነው። ማንን እንስማ?»

መልስ፦

የተከበሩ የእድሩ ጸሐፊ፣ አረጋዊው ግንበኛም ወጣቶቹም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የምትከራከሩበት ነገር ግን የድንጋይ ግንብ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች ውስጥ ዋናው አይደለም። በሥራ ዘመኔ ሲያብጡና ሲሰነጠቁ ያየኋቸው ግንቦች አብዛኞቹ የተበላሹት በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ የውጭና የውስጥ ፊታቸው እርስ በርሱ አልታሰረም፣ ወይ ውሃ ከሥራቸው ገብቷል። ያልታሰረን ግንብ ሲሚንቶ አያድነውም። ኮንሶዎች እርከናቸውን የሚክቡት ምንም ማጣበቂያ ሳይጨምሩ ነው፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፣ በየትውልዱም በጋራ ጉልበት እየተጠገነ ቆሟል። እዚያ ካቡን የያዘው የድንጋዩ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳርቻ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ሕዝቡ በደቦ የሚሠራውን የመሰብሰቢያ ቤት እንድቆጣጠር ተጠራሁ። ሰዉ ተሽቀዳደመ፣ እኔም ፍጥነቱ ደስ አሰኘኝ። ሁሉም የሚያምር ፊት ያለውን ድንጋይ እያነሳ የውጭውን መስመር ይደረድራል፤ ሌላው የውስጡን ይደረድራል፤ ልጆች ደግሞ መሀሉን በኮረትና በተረፈ ቡኮ (ድንጋይ በሚያያይዘው ድብልቅ) ይሞሉታል። ሲሚንቶው በቂ ነበር፣ ውሃም በደንብ ጠጥቷል። በሁለተኛው ክረምት ማግስት አንዱ ረጅም ግድግዳ ሆድ አወጣ። ስናፈርሰው ሲሚንቶው ድንጋይ ሆኖ ነበር። የፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ግድግዳ የመሰለን ነገር ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ነበር፣ መሀላቸው ያለው ሙሌት ረጥቦ ወደ ታች ሲቀመጥ ሁለቱን ገፍቶ ለያያቸው። የዚያ መንደር ሰው የአንድ ዓመት ቅዳሜ በእኔ ዝምታ ምክንያት ባከነ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም የድንጋይ ሥራ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማሰሪያ ድንጋይ ነው።

ማሰሪያ ድንጋይ የምለው ከግድግዳው የውጭ ፊት እስከ ውስጥ ፊት ድረስ የሚያልፈውን ረጅም ድንጋይ ነው። ግድግዳችሁ 50 ሳንቲሜትር ውፍረት ይኑረው፤ እንግዲህ ድንጋዩም 50 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ቁመት በ60 ሳንቲሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ረድፍ ይግባ፣ በረድፉም ላይ ከአንዱ ማሰሪያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ1.2 ሜትር አይብለጥ። የላይኛው ረድፍ ማሰሪያ በታችኛው ሁለት ማሰሪያዎች መካከል ይረፍ። የአዳራሻችሁ ዙሪያ 48 ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ረድፍ 40፣ በአምስት ረድፍ 200 ማሰሪያ ድንጋይ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ መገንባት አይሁን። ከተራገፈው ክምር 200ውን ለቅማችሁ፣ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ለብቻ ከምሩ። ማንም ሰው ለሌላ ነገር አይንካቸው። ከክምሩ ረጅም ድንጋይ ከጠፋ ደግሞ አንድ ፌሮ በመሀሉ ያለፈበት 50 ሳንቲሜትር የአርማታ ቁራጭ በእንጨት ቅርጽ እየሞላችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ፤ እንደ ድንጋዩ ይሠራል። በሁለት ማሰሪያ መካከል ያለው ድንጋይም ቢሆን ረጅሙ ጎኑ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። ለዓይን እንዲያምር ብሎ ሰፊ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ እንደ ሰሌዳ ማቆም ደቦ ላይ የሚበዛ ጥፋት ነው።

ስለ ድንጋዩ ራሱ ዕድለኞች ናችሁ። የባሕር ዳር ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ አብዛኛው ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ ያለው ከድፍኑ ይልቅ ይቀላል፣ ለመዶሻና ለመሮ ይታዘዛል፣ ቡኮም በደንብ ይይዛል። ቀዳዳው በዝቶ እንደ ማር ወለላ የሆነውንና በእጅ ሲፈተግ የሚረግፈውን ግን ለወለል ሥር ሙሌት ተዉት። ፈተናው ቀላል ነው። ድንጋዩን በመዶሻ ምቱት። ጤነኛ ድንጋይ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ «ዱብ» ብሎ ይቀራል። በጣና ገዳማት የተሰቀለውን የድንጋይ ደወል የሰማ ሰው ይህን ለማስተማር አያስቸግርም፤ ደወሉም ድንጋይ ሆኖ የሚጠራው ድፍንና ያልተሰነጠቀ ስለሆነ ነው። ድንጋዩ ከአሮጌ አጥር የተነቀለ ከሆነ አፈሩንና ሻጋታውን አጥባችሁ አስገቡ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ዋልካው። ጭቃ ወይስ ሲሚንቶ እያላችሁ ስትከራከሩ ይህን በአንድ መስመር አልፋችሁታል፤ ለእኔ ግን የጥያቄው ልብ እሱ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእናንተ ግድግዳ 3 ሜትር ቁመትና ግማሽ ሜትር ውፍረት ካለው በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ 3.75 ቶን ያህል ይጭናል፤ ጣሪያው ገና አልተቆጠረም። ይህን የሚያህል ሸክም በሚነሳና በሚቀመጥ አፈር ላይ ካረፈ፣ ሲሚንቶውም ጭቃውም እኩል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋልካውን አልፋችሁ እስከ ጠንካራው መሬት ቆፍሩ። በከተማችን ብዙ ቦታ አለቱ ቅርብ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን ዋልካው ጥልቅ ይሆናል። ከመወሰናችሁ በፊት በአራቱ ማዕዘንና በመሀሉ አምስት የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አፈሩ የት ላይ እንደሚለወጥ በሜትር ለኩ። ሁለት ሜትር ወርዳችሁም ዋልካ ከሆነ እጃችሁን ሰብስባችሁ መሐንዲስ ጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በደብዳቤ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ወለሉ የሚያርፍበትን ዋልካም አውጡት፣ በምትኩ ገረጋንቲ (ጠጠርማ አፈር) በ20 በ20 ሳንቲሜትር እያነጠፋችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። የወጣውን ዋልካ መልሳችሁ በመሠረቱ ዳር እንዳትሞሉት። ይህ ስህተት በየሰፈሩ አለ፤ አፈሩ በነፃ የተገኘ ይመስላል፣ ከዚያ በየክረምቱ ግድግዳውን ይገፋል። ሕንፃው ሲያልቅ ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይ ንጣፍ አድርጉ፤ የጣሪያው ውሃ ደግሞ በአሸንዳና በቦይ ተመርቶ ራቅ ብሎ ይፍሰስ። የእኛ ዝናብ አብዛኛው በሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም የሚወርድ ነው፤ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ ቆርቆሮ ላይ የወረደው ሁሉ ከግድግዳው ሥር ከተጠራቀመ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው።

እንግዲህ ጭቃ ወይስ ሲሚንቶ? አስቀድሜ ሁለታችሁም የረሳችሁትን ሦስተኛውን ላንሳ፣ ኖራን። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው፣ ሰው ሁሉ የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው የድንጋይ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በኖራ የተገነባ ነው፤ የጎንደር አብያተ መንግሥትም እንዲሁ። የኖራ ድንጋይ ደግሞ በገዛ ክልላችን፣ በደጀን በኩል በዓባይ ሸለቆ አለ። ኖራ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ግን ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ እንደ ሲሚንቶ ተሰብሮ አይለያይም፣ የገባውን እርጥበትም ያስወጣል። ስለዚህ አረጋዊው ግንበኛ «አባቶቻችን በምን ሠሩ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል። ለመኖሪያ ጭቃ፣ ለድልድይና ለቤተ መንግሥት ኖራ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። መሠረቱን፣ ከመሬት በላይም 40 ሳንቲሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ፣ በሲሚንቶ ገንቡት፤ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ4 እጅ አሸዋ። እዚያ እርጥበት አለ፣ ጭቃ ይላላል። ከዚያ በላይ ያለውን ግድግዳ በጥሩ ጭቃ መገንባት ይቻላል፤ ማዕዘኖቹ፣ የበርና የመስኮት ዳሮች፣ ከታች የማነሳቸው ደጋፊ ግንቦችም በሲሚንቶ ሆነው። የውጭ መጋጠሚያዎቹን 3 ሳንቲሜትር ያህል ጠርጋችሁ ኖራ በበዛበት ቡኮ ሙሏቸው። ንጹሕ ሲሚንቶ ከጭቃ ግንብ ፊት ላይ መለሰንን አልመክርም፤ ውሃ በስንጥቅ ይገባና መውጫ ያጣል። ጭቃው ከዋልካ አይቦካ። ቀይ አፈር አምጡ፣ የጤፍ ጭድ ጨምሩበት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እየረገጣችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁ ይብላላ። ጭቃ ማብካትን ከአረጋዊው ግንበኛችሁ በተሻለ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችሁ አይገኝም፤ በዚህ ላይ እሳቸውን ስሙ።

ወጣቶቹ ትክክል የሚሆኑት በአርማታ ቀበቶው ላይ ነው። ይህ 200 ሰው ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት ነው፣ በቀላሉ ልትወስዱት አይገባም። ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር ያልተቋረጠ አርማታ አንድ በመሠረቱ አናት፣ አንድ በግድግዳው ጫፍ ላይ፣ ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ አራት ገብቶበት መሞላት አለበት። የላይኛውን ቀበቶ በበርና በመስኮት አናት ላይ እንዲያልፍ ካደረጋችሁት ለየብቻ ማሻገሪያ መሥራት ይቀርላችኋል። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ያለ ድጋፍ ከ5 ሜትር በላይ መሮጥ የለበትም፤ የእናንተ 16 ሜትር ነው። በረጅሞቹ ጎኖች በየ4 ሜትሩ፣ በአጫጭሮቹም ከበሩ ግራና ቀኝ፣ 50 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ የወጣ ደጋፊ ግንብ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይነሳ። በኋላ የተለጠፈ ደጋፊ ጌጥ ነው። መስኮት ከማዕዘን ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ያሉ ክፍተቶች ስፋት ተደምሮ ከግድግዳው ርዝመት ሲሶ አይብለጥ። ከቀበቶው በላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን የጣሪያ ግንባር በድንጋይ አትሥሩት፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው፣ በእንጨትና በቆርቆሮ ይዘጋ። የጣሪያውን ካፕሪያታ (ጣሪያውን የሚሸከመውን ሦስት ማዕዘን ማዕቀፍ) በየ2 ሜትሩ አቁሙ፣ አንዱ ዘሎ አንዱ በደጋፊ ላይ እንዲያርፍ።

ሥዕሉን መሐንዲስ ይፈርምበት፣ ፈቃዱንም ከማዘጋጃ ቤት አውጡ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሲመድብ በሁለት ድጋፎች መካከል ያለውን የ7 ሜትር ርቀት መለያ አድርጎ ነበር፣ የሕዝብ መገልገያንም ከተራ ቤት ለይቶታል። የእናንተ በ8 ሜትር ስፋቱም በአገልግሎቱም ከተራ ቤት አይቆጠርም። መሐንዲሱ «ለጭቃ አልፈርምም» ካለ አትጣሉት፤ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ሁኖ ግድግዳው ይሠራ በሉት፣ ከንጹሕ ሲሚንቶ ያነሰ ይጨርሳል።

ሒሳቡን ላሳያችሁ፣ ለእድሩ ስብሰባ ይጠቅማችኋል። መሠረቱ 70 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ቢሆን 34 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ግድግዳው በርና መስኮት ተቀንሶ፣ ደጋፊው ተጨምሮ ወደ 66 ይመጣል። በድምሩ 100 ሜትር ኩብ ግንብ። የተራገፈ ድንጋይ መሀሉ ክፍተት ስላለው 125 ሜትር ኩብ ማስመጣት አለባችሁ፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ስምንት ምልልስ ነው። የግንብ ሲሶው ቡኮ ነው። ሁሉም በሲሚንቶ ቢሠራ 125 ኩንታል ያህል ይጨርሳል፣ ለአርማታ ቀበቶዎቹ ሌላ 25። እኔ ባልኩት መንገድ ከሠራችሁት ግን መሠረቱ 42፣ ከመሬት በላይ ያለው 40 ሳንቲሜትር 12፣ ማዕዘንና ደጋፊው 20 አካባቢ፣ ቀበቶው 25፤ 100 ኩንታል ያህል። 50 ኩንታል ያህል ይተርፋችኋል፣ ያም ለቆርቆሮው ይውላል።

ጊዜው ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ያሳስበኛል። አንድ ግንበኛ ሁለት ሦስት ረዳት ይዞ በቀን 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ይገነባል። ሦስት ግንበኛ ብታሰልፉ ቅዳሜ 4.5 ማለት ነው፤ 100 ሜትር ኩብ ለመጨረስ 22 ቅዳሜ። የአርማታ ሙሌቱና ጣሪያው ሲጨመሩ ወደ 28 ይደርሳል። ስለዚህ ቁፋሮው ዝናቡ እንደቆመ፣ በጥቅምት መጨረሻ ይጀመር፣ ቆርቆሮውም ሰኔ ሳይገባ ይልበስ። ካልደረሳችሁ ግድግዳውን ክረምት ላይ ራቁቱን ከመተው መሠረቱን ብቻ ጨርሳችሁ፣ ሸፍናችሁ እስከ መስቀል ብትጠብቁ ይሻላል። ጭቃ ግንብ አናቱ ተከፍቶ አንድ ክረምት ከደበደበው ወደ ክምርነት ይመለሳል።

ስለ ደቦው አሠራር። 140 አባወራ በአንድ ቀን ከመጣ ሥራ አይሠራም፣ ሰው ይጋጫል። ለአንድ ቅዳሜ ከ25 እስከ 30 ሰው ይበቃል፤ እድራችሁ በምድብ የተከፈለ ከሆነ በምድቡ ተራ አስገቡ። ድንጋይ የሚያስቀምጡት ግንበኞቹ ብቻ ይሁኑ፤ አረጋዊው ደግሞ ከአራቱ ማዕዘን አይራቁ። ማዕዘኑ ቱምቢውን (ቀጥ ማለቱን የሚለካውን ክብደት ያለው ገመድ) ከጠበቀ ሲባጎው በሁለት ማዕዘን መካከል ይወጠርና ሌላው ሰው ሲባጎውን ተከትሎ ይሄዳል። ማዕዘኑ ከሳተ ሦስት ግንበኛ ሙሉ ቀን ሠርቶ ስህተቱን ያረዝመዋል። የቀሩት አባላት ድንጋይ ይለያሉ፣ ይጠርባሉ፣ ቡኮ ያመላልሳሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ድንጋይ መለየት የአቅመ ደካማ ሥራ መስሎ እንዳይታያችሁ። ማዕዘን፣ ማሰሪያ፣ ፊት፣ ሽብልቅ ተብሎ በአራት ክምር የተለየ ድንጋይ የግንበኛውን ቀን በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ ዓይኑ ጥሩ የሆነ፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ወይም እናት ከማንም በላይ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳውን በአንድ ቀን ከ60 ሳንቲሜትር በላይ አታንሱ። አንዱን ግድግዳ እስከ ጫፍ አድርሶ ወደ ሌላው መሄድ ለዓይን ያስደስታል፣ ግን ማዕዘኑን ይለያየዋል፤ ዙሪያውን እኩል እየዞራችሁ ውጡ። ቀኑ መሽቶ ስታቆሙ ጫፉን እንደ ደረጃ እያሳጠራችሁ ተዉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ። በሲሚንቶ ለሚገነባው ክፍል ድንጋዩን ቀድማችሁ አርጥቡት፣ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ የቡኮውን ውሃ ይመጠዋል፤ ከተገነባ በኋላም ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ይልበስ። ደቦው ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ በሳምንቱ መሀል ውሃ የሚያጠጣ ሰው በስም መድቡ። ብዙ የማኅበር ሥራ ቅዳሜ ተሠርቶ ማክሰኞ በፀሐይ ይቃጠላል።

የሚጠርቡ ሰዎች ያለ መነጽር አይሥሩ። ጥቁር ድንጋይ ሲፈነጠር እንደ መስታወት ስለት ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ከክምሩ አይጠጋ። ከአንድ ሰው አቅም በላይ የሆነውን ድንጋይ ሁለት ሰው በወሳንሳ ያንሳው። እድር ለቀሪ ቅጣት ይጥላል፣ መብታችሁ ነው፤ ግን ወገቡን የታመመን ሰው ቅጣት ፈርቶ ድንጋይ እንዲሸከም እንዳታደርጉት፣ የእድሩ ዳኛ ይህን ከመጀመሪያው ቀን በአደባባይ ይናገሩት።

አምስቱን የሙከራ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የዋልካውን ጥልቀት ስትለኩ ቁጥሩን ጻፉልኝ፤ ከታች አለት ነው፣ ቀይ አፈር ነው ወይስ ውሃ አመነጨ፣ እሱንም ጨምሩበት። የመሠረቱን ስፋት ከመሐንዲሳችሁ ጋር ሆነን በዚያ ላይ እናስተካክላለን።